ከጅማ አዲስ አበባ ደርሶ መልስ፣ በትንሽ ብር

አዲስ አበባ ብር የምትጨርሰው በምግብና በአልጋ ይመስለናል። እኔም እንደዚያ ይመስለኝ ነበር። ከጅማ ስመላለስ ዓመታት ሆነኝ፤ አንዴ ለጉዳይ፣ አንዴ ለለቅሶ፣ አንዴ እንዲሁ ለማየት። አንድ ቀን ተመልሼ ሒሳቤን ቁጭ ብዬ ስሠራው ግን ብሩን የበላው ሽሮውም አልጋውም አልነበረም። ፋራ እንዳልባል ብዬ የዋጥኩት ጥያቄ ነው። ታሪፉን ሳልጠይቅ የገባሁበት ታክሲ። ዋጋውን ሳላይ ያዘዝኩት ምሳ። «ልያዝልህ?» ያለኝን ልጅ እምቢ ማለት አፍሬ የከፈልኩት የሻንጣ ማሸከሚያ። እና ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ፋራ መባልን ለማይፈራ ሰው የተጻፈ ነው።

ዋጋ አልጽፍልህም። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሬ ለውጥ ወዲህ ዛሬ የጻፍኩት ዋጋ ከወር በኋላ መሳቂያ ያደርገኛል። ዋጋ እንዴት እንደሚጠየቅ ግን እነግርሃለሁ። («አንተ» የምለው ለአጻጻፍ ስለቀለለኝ ነው። እህቶቼ፣ ለእናንተም ነው፤ ለብቻ የሚነገራችሁ ሲኖር እለየዋለሁ።)

ቀኑን መምረጥ

በዓል ሰሞን አትሂድ። ለእንቁጣጣሽ፣ ለመስቀል፣ ለገና፣ ለፋሲካ፣ ለሁለቱም ዒድ መናኸሪያ ይጨናነቃል፤ ትኬት ይጠፋል፤ ከታሪፍ በላይ የሚጠይቅህም ይበዛል። ሌላው እኛ ጅማዎች የምናውቀው ጣጣ የተማሪ ጥሪ ነው። ዩኒቨርሲቲው ተማሪ በጠራ ሰሞን ከአዲስ አበባ የሚመጣው መኪና ሁሉ ይሞላል፤ ተማሪው ወደ ቤቱ ሲሸኝ ደግሞ ከጅማ የሚወጣው። እነዚህን ሁለት ሰሞኖች ዝለላቸው። ለመንግሥት ቢሮ ጉዳይ ከሆነ የምትሄደው እሑድ ተነሥተህ ሰኞ ጠዋት ጀምር። ዓርብ ገብተህ ቅዳሜና እሑድን አልጋ ላይ መክፈል የብር ጸር ነው።

ብሩን ከቤት ሳትወጣ መከፋፈል

የመመለሻ ብር የሞተ ብር ነው። እንደሌለ ቁጠረው። እኔ ይህን ለመማር አንዴ ከዘመድ ተበድሬ መመለስ ነበረብኝ፤ ከዚያ ወዲህ የመመለሻዬን ለእናቴ በቴሌብር እልክላታለሁ። ልመለስ ስል ነው የምትልክልኝ። ቀደም ብዬ ብጠይቃት «ለምን ፈለግከው?» ትላለች፣ እሷን ማስረዳት ደግሞ ከባንክ ብድር ይከብዳል። እንዲህ ያለች ሰው ፈልግ።

የቀረውን በምትቆይበት ቀን አካፍለው። የአንድ ቀኑን ብቻ ኪስህ ውስጥ አድርግ፤ ሌላው ስልክህ ላይ ወይም ውስጥ ኪስ ይቀመጥ። ዛሬ ከተረፈህ ለነገ ይዞራል። ካለቀብህ ደግሞ ማታ በእግርህ ትገባለህ፣ አለቀ። ዝርዝር ብርም ከጅማ ይዘህ ውጣ። ጠዋት በማለዳ ትልቅ ኖት ይዘህ ታክሲ ውስጥ ስትገባ ረዳቱ የሚያይህን አስተያየት አልመኝልህም።

የሚጫነው

ጃኬት። ጅማ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር አካባቢ ናት፣ አዲስ አበባ ደግሞ 2,400 ገደማ። ጠዋትና ማታ ይቆረጥምሃል፤ ሳትይዝ ከሄድክ እዚያ ትገዛለህ፣ ያ ደግሞ ያላሰብከው ወጪ ነው። ጭኮ ካለ ያዝ። ከሌለ ቆሎ ወይም ዳቦ ቆሎ። ጭኮ ቀናት ቢቆይ አይበላሽም፣ ጠዋት ሁለት ጉርሻ ጎርሰህ ሻይ ከጠጣህበት እስከ ምሳ ይወስድሃል። አንድ ባዶ ሃይላንድም አትርሳ፤ ካደርክበት ቤት ውሃ ሞልተህ ትወጣለህ። መታወቂያ ኬላ ላይም አልጋ ቤትም ይጠየቃል።

ዘመድ ቤት የምታርፍ ከሆነ ባዶ እጅህን አትሂድ፤ የጅማ ሰው ደግሞ በዚህ አይቸገርም። ለቤት የሚሆን ትንሽ ቡና፣ ትንሽ ማር። ቡናውን አታብዛው፤ ኬላ ላይ በብዛት የተጫነ ቡና ጥያቄ ያመጣል። ማሩን ግን አደራ። እኔ በሃይላንድ ጠርሙስ አድርጌ ሻንጣዬ ውስጥ አጋድሜው ሄድኩ። ጊቤ በረሃ ላይ ሙቀቱ ሲያገኘው ቀጠነ፣ ክዳኑ ላላ፣ ወልቂጤ ስንደርስ አጠገቤ የተቀመጡት አባት «ልጄ፣ ንብ ይከተለናል እኮ» አሉኝ። አንድ ለቅያሬ የያዝኩት ሱሪ ማር ሆኖ ነበር። አፉ ሰፊ በሆነ ጠንካራ ዕቃ አድርገው፣ ክዳኑን በላስቲክ ጠቅልለህ በፕላስተር እሰረው፣ እግርህ መሀል ቀጥ አድርገህ ያዘው።

መንገዱ

350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሰርቦን፣ አሰንዳቦን፣ ሰኮሩን አልፈህ ወደ ጊቤ ትወርዳለህ፤ ከዚያ ወልቂጤ፣ ወሊሶ፣ ቱሉ ቦሎ፣ ሰበታ። በጣም በጠዋት የሚነሣውን ያዝ። ምክንያቱ አንድ ነው፤ አዲስ አበባ በብርሃን መግባት አለብህ። ወደዚህ እመለሳለሁ።

አውቶቡስ ላይ ልዩነቱ የደረጃ ነው፤ ደረጃው ዝቅ ሲል ዋጋውም ይቀንሳል፣ መንገድ ላይ መቆሙም ይበዛል። ብር ለመቆጠብ ዝቅ ያለውን ውሰድ ልልህ እችላለሁ፣ ግን አመሻሽቶ ካስገባህ የቆጠብከውን ማታ ለታክሲ ትከፍለዋለህ። ሚኒባሶቹ ይፈጥናሉ፤ አንዳንዶቹ ሹፌሮች ግን ጊቤ ቁልቁለት ላይ የሚያደርጉትን ስላየሁ እኔ አልሣፈርባቸውም። ትኬትህን ከመስኮት ግዛ፣ ከበር ላይ ሰው አትግዛ። ለምግብ የሚቆመው ሹፌሩ የሚያውቀው ቤት ደጃፍ ነው፤ እዚያው ገብተህ ብላ የሚል ሕግ የለም። ሃምሳ እርምጃ ራቅ ብለህ ሂድና ዋጋ ጠይቅ፣ ብቻ መኪናው ጥሎህ እንዳይሄድ ከረዳቱ ጋር ተነጋገር።

ሰበታ ሳትደርስ ረዳቱን «መጨረሻችሁ የት ነው?» በለው። ከጅማ በኩል ስትገባ ከአለም ገና ቀጥሎ አየር ጤና ነው፤ መኪናው ወደ ሌላ መናኸሪያ የሚዘልቅ ከሆነ ደግሞ ለምትሄድበት የሚቀርብህ የቱ እንደሆነ ቀድመህ እወቅ። ጦር ኃይሎች ወይም ጀሞ አካባቢ የሚያርፍ ሰው መርካቶ ድረስ ሄዶ መመለስ የለበትም።

ከመኪና ስትወርድ ያሉት አሥር ደቂቃዎች

ብር የሚፈስሰው እዚህ ነው። ደክሞሃል፣ ሻንጣ ይዘሃል፣ አምስት ሰው በአንድ ጊዜ «የት ነህ? ልያዝልህ? አልጋ ፈልገህ ነው?» ይልሃል።

አንድ ጊዜ መኪናችን ወሊሶ አካባቢ ተበላሽቶ ከምሽቱ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ገባን። ዝናብ አለ። ስልኬ ሞቷል። ሻንጣዬ ማር ማር ይሸታል (አዎ፣ ያው ጉዞ ነው)። የአልጋ ቤቱን ስም ይዤ ለአንድ ላዳ ነገርኩት። «አውቀዋለሁ፣ ግባ» አለኝ። ዋጋ መጠየቅ ነበረብኝ፤ ግን ዝናቡም አለ፣ ሰውም እያየኝ ነው፣ ገባሁ። ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ፣ አንድ ድልድይ፣ ሌላ ድልድይ፣ በመጨረሻ አወረደኝ። የጠየቀኝን ከፈልኩ። ጠዋት ተነሥቼ የፔንሲዮኑ በረንዳ ላይ ቆሜ ጥርሴን ስፍቅ መንገዱን አየሁ። ማታ ታክሲ የያዝኩበት ቦታ ከነሱቁ፣ ከነዣንጥላው ፊት ለፊቴ ነው። ቢበዛ የአምስት ደቂቃ እግር።

ስለዚህ ስትወርድ እንዲህ አድርግ። ለማንም መልስ ሳትሰጥ ዕቃህን ይዘህ ቀጥ ብለህ አንድ ሻይ ቤት ግባ። ሻይ እዘዝ። ተቀመጥ። ስልክህን ሰክተው እንዲሞሉልህ ጠይቅ። ከዚያ ሻይ የምታቀርበውን ልጅ «እህቴ፣ እንትን ሰፈር በእግር ይደረሳል? በታክሲ ከሆነ ስንት ነው?» በላት። እሷ ከአንተ የምትፈልገው የሻዩን ሒሳብ ብቻ ስለሆነ እውነቱን ትነግርሃለች። የአንድ ሻይ ዋጋ ነው፣ ለእኔ ግን ከየትኛውም የስልክ ካርታ በልጧል።

ማደሪያ

ዘመድ ካለ ዘመድ። ግን መጀመሪያ ሒሳብ ሥራ። ዛሬ ብዙው ዘመዳችን ያለው ዳር ዳር ባለ ኮንዶሚኒየም ነው፤ ኮዬ ፈጬ፣ ቱሉ ዲምቱ፣ አያት፣ የካ አባዶ። ጉዳይህ መሀል ከተማ ከሆነና ጠዋት ሦስት ታክሲ ማታ ሦስት ታክሲ የምትቀያይር ከሆነ፣ ነጻ አልጋው ነጻ አይደለም። እኔ ሁለት ቀን ጉዳዬ አጠገብ ርካሽ ፔንሲዮን ይዤ፣ ጉዳዬን ስጨርስ ለአንድ አዳር አክስቴ ጋ እሄዳለሁ። እሷም ደስ ይላታል፣ እኔም።

ዘመድ ቤት ስትገባ የምትመለስበትን ቀን በመጀመሪያው ማታ ተናገር። «አክስቴ፣ ሐሙስ ጠዋት ነው የምሄደው» ስትል «ምን ያስቸኩልሃል!» ትላለች፤ ልቧ ግን ዐረፈ። በሁለተኛው ቀን ዘይት ወይም ሽንኩርት ይዘህ ግባ። ውሃ ደግሞ ብዙ ሰፈር በፈረቃ ነው የሚመጣው። ገላህን ከመታጠብህ በፊት «ውሃ የሚመጣው መቼ ነው?» ብለህ ጠይቅ፤ የሳምንት ጀሪካን ያፈሰሰ እንግዳ በዘመድ ሁሉ ዘንድ ስሙ ይነሣል።

ፔንሲዮን ከሆነ ቦሌን እርሳው። አየር ጤና፣ ጦር ኃይሎች፣ መካኒሳ፣ ሳሪስ ይሻላል። ፒያሳና ካዛንቺስ በኮሪደር ልማቱ መልካቸው ስለተቀየረ ድሮ የምታውቀው አልጋ ቤት አለ ብለህ ሻንጣ እየጎተትክ እንዳትሄድ፤ ደውል። እንግዲህ ስትጠይቅ «አልጋ አለ?» ብቻ አትበል። «አዳር ስንት ነው? ሻወሩ የጋራ ነው? ሙቅ ውሃ አለ?» በል። ሳትከፍል ክፍሉን እይ። ቁልፉን ከውስጥ ቆልፈህ ሞክረው። መስኮቱን ክፈትና ከሥር ግሮሰሪ መኖሩን ተመልከት፤ ካለ ሌሊቱን ሙሉ ሙዚቃ ነው። የጋራ ሻወር ያለው ክፍል ሁሌም ይረክሳል፣ ለሁለት ሌሊት ምንም አይልም። ጠዋት ስንት ሰዓት ድረስ መልቀቅ እንዳለብህም ጠይቅ፣ ካለፈ የሌላ ቀን ይቆጥሩብሃል።

እህቶቼ፣ በሰዓት የሚያከራይ ቤት አትያዙ፣ የቱንም ያህል ቢረክስ። እንግዳ መቀበያው ላይ ሴት ያለችበት፣ ቤተሰብ የሚገባበት ቤት ፈልጉ፤ የክፍል ቁጥራችሁንም ለአንድ የምታምኑት ሰው በስልክ ላኩ።

ከቦታ ቦታ

ከርካሹ ልጀምር። የከተማ አውቶቡስ፣ ከዚያ ባቡር፣ ከዚያ ሚኒባስ ታክሲ፣ በመጨረሻ በስልክ የሚጠራው መኪና። ባቡሩ በ2008 ዓ.ም. መስከረም ነው ሥራ የጀመረው፤ ከጅማ ለሚመጣ ሰው ትልቅ ጸጋ ነው። ምሥራቅ–ምዕራቡ መስመር ከጦር ኃይሎች ይነሣና በልደታ፣ በሜክሲኮ፣ በስታዲየም፣ በመስቀል አደባባይ፣ በመገናኛ አድርጎ አያት ይደርሳል። አየር ጤና ከወረድክ ወደ ጦር ኃይሎች አንድ ታክሲ ነው፣ ከዚያ ከተማውን ከዳር እስከ ዳር ታቋርጣለህ። ሁለተኛው መስመር ወደ ቃሊቲ ነው የሚወርደው። ትኬት ሳትገባ ግዛና እስክትወርድ አትጣለው። ጠዋትና ማታ ሰው ይታጨቃል፤ ቦርሳህን ከፊትህ አድርግ።

ሚኒባስ ላይ የሚሠራው ዘዴ ይኸውልህ። ወያላውን አትጠይቅ። አጠገብህ ያሉትን እናት ጠይቅ። «እናቴ፣ ሜክሲኮ ድረስ ስንት ነው የሚከፈለው?» ይነግሩሃል፣ አንዳንዴም ወያላው መልስ ሲያጓድል እሳቸው ናቸው የሚጮሁልህ። ሌላው መንገድ ቆርጦ መጫን የሚባል ነገር ነው። አንድ የሆነውን መንገድ ለሁለት ቆርጠው ሁለቴ ያስከፍላሉ። ሳትገባ «ቀጥታ ነው?» በል። መውረጃህ ሲደርስ ደግሞ «ወራጅ አለ!» ነው፤ ድምፅህን ካልከፈትክ አንድ ፌርማታ አልፈህ በእግር ትመለሳለህ።

ከአሥራ አንድ እስከ ሁለት ሰዓት ምሽት መገናኛና ሜክሲኮ አትገኝ። ሰልፉ ያስለቅሳል፣ ትዕግሥትህ ሲያልቅም በስልክ መኪና ትጠራለህ፣ በዚያ ሰዓት ደግሞ እሱም ውድ ነው። ወይ ቀደም ብለህ ግባ ወይ የሆነ ቦታ ቁጭ ብለህ አሳልፈው። ሦስት ሆናችሁ ሻንጣ ካላችሁ ግን በስልክ የሚጠራውን ተካፍላችሁ መክፈል አንዳንዴ ከታክሲው አይብስም። ማታ ለብቻዋ ለምትሄድ ሴትም እዚህ ላይ መቆጠብ የለም።

መብላት

ደንቡ አንድ ነው። ሳትቀመጥ ዋጋውን ጠይቅ ወይም በር ላይ የተለጠፈውን አንብብ። ከዚያ «ቫትን ይጨምራል?» በል። 15 በመቶው ከላይ የሚደመር ከሆነ ያየኸው ዋጋ ዋጋው አይደለም።

ስድስት ኪሎና አምስት ኪሎ አካባቢ ተማሪ የሚበላባቸው ቤቶች አሉ፤ ተማሪ ባለበት ሁሉ ሽሮው ርካሽ ነው፣ እንጀራውም ይጨመራል። ረቡዕና ዓርብ በያይነቱ ብላ፤ ሁለት ሆናችሁ አንድ ብታዙ ብዙ ቦታ ይበቃችኋል። መንገድ ዳር እርጥብ አለ፤ ዳቦ ውስጥ ድንችና ሚጥሚጣ፣ ቆሞ የሚበላ። ሥጋ የሚበላ ሙስሊም የ«ሙስሊም ምግብ ቤት» ምልክት ይፈልግ፣ መርካቶ አንዋር መስጊድ ዙሪያ አማራጩ ብዙ ነው። ቡና የመንገድ ዳር ጀበና ጠጣ። የቡና መገኛ ጮጬ ናት እያለ የሚከራከር የጅማ ልጅ ቦሌ ካፌ ገብቶ ለገዛ ቡናው ያንን ሁሉ ብር ሲከፍል ማየት ያመኛል።

ማየት

አንዱን ቀን በእግር ተወው። ስድስት ኪሎ ድረስ በታክሲ ውጣ፣ ከዚያ ቁልቁለቱን እየወረድክ እይ። ዩኒቨርሲቲው ግቢ ውስጥ ያለው የኢትኖሎጂ ሙዚየም የቀድሞው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ነው፤ የንጉሠ ነገሥቱን መኝታ ክፍል ታያለህ። ጅሬን ላይ የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት ያየ ሰው ሁለቱን ሲያስተያይ ደስ ይለዋል፤ በእኔ ፍርድ በእንጨት ሥራ እኛ እንበልጣለን። ከዚያ ወደ አምስት ኪሎ ስትወርድ ብሔራዊ ሙዚየም። ድንቅነሽ እዚያ ናት፤ በ1967 ዓ.ም. ሐዳር የተገኘችው፣ 3.2 ሚሊዮን ዓመት የሆናት። የኢትዮጵያዊ መግቢያ ከውጭ ዜጋው ያነሰ ስለሆነ መታወቂያህን አውጣ። አራት ኪሎ ስትደርስ ከደከመህ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ግባና ዐረፍ በል፤ ክፍያ የለውም።

መስቀል አደባባይ ያለው የቀይ ሽብር ሰማዕታት ሙዚየም በነጻ ነው፣ ከፈለግክ ሣጥኑ ውስጥ ትጥላለህ። ወጥተህ ለመሣቅ ጊዜ ይወስድብሃል፤ ማታ ብቻህን የምትሆን ከሆነ ለሌላ ቀን አድርገው። እንጦጦ መውጣት ካማረህ ከሽሮ ሜዳ ትራንስፖርት አለ። ወደ 3,000 ሜትር ነው፣ ትንፋሽህ ቢያጥር አትደንግጥ።

መርካቶ

ስትገባ ቦርሳ ይዘህ አትግባ። የምትገዛውን ብቻ በወረቀት ጽፈህ፣ ብሩን ፊት ኪስህ ውስጥ አድርገህ። ሦስት ሱቅ ሳትጠይቅ አትግዛ፤ ሦስተኛው ላይ የመጀመሪያው ዋጋ ውሸት እንደነበር ይገባሃል። ልብስህ ላይ ምራቅ ወይም ጭቃ ነካህ ብሎ ሊጠርግልህ የሚመጣ ሰው ካለ ኪስህን ያዝና ሂድ። መሬት ላይ ወርቅ «አብረን አገኘን» የሚልህም ካለ እንደዚያው። ታክሲ ውስጥ መስኮት ዳር ተቀምጠህ ስልክ አታውጣ።

መመለስ

ትኬትህን አንድ ቀን ቀደም ብለህ ቁረጥ፤ የዚያኑ ሌሊት ለመናኸሪያው በእግር በሚደረስ ቦታ እደር። ማታ እናትህ ጋ ደውለህ የመመለሻህን አስልክ። «ጨረስከው?» ትልሃለች፣ አንተም «አልጨረስኩም» ትላለህ፣ እሷም ስታምንህ ትልካለች።

ሰርቦ ስትደርስ ቤት ደውል። የሚቀበልህ ከሌለ ባጃጅ ትይዛለህ፤ እሱንም ዋጋውን ጠይቀህ ግባ፣ የገዛ ከተማህ ነች ብለህ ዝም እንዳትል። ባለፈው ሻንጣዬን አይቶ «ከአዲስ አበባ ነህ?» ያለኝ ልጅ ከአጂፕ እስከ ቤቴ እጥፍ ነው የጠራብኝ።